መጨረሻው ታውቆም የሚነበብ መጽሐፍ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በቅርቡ በመጻሕፍት ዓምዳችሁ የወጣ አንድ አስተያየት፣ የዛሬ አንባቢ ትዕግሥት ስላጠረው ደራሲያን ልብ ወለዳቸውን አሳጥረው ቢጽፉ ይበጃል የሚል ምክር ለግሷል። ሳያስፈልግ የተንዛዛ መጽሐፍ ገዝቼ የተቆጨሁበት ጊዜ ስላለ ምክሩን በጅምላ አልነቅፈውም። ርዝመትን በራሱ እንደ ጉድለት መቁጠሩን ግን አልቀበልም፤ ምስክሬም የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው።

በ1958 ዓ.ም. የታተመው ይህ መጽሐፍ ከ500 ገጽ በላይ አለው። መጨረሻውንም ቢሆን አይደብቅም፤ ገና ከሽፋኑ ላይ ነግሮን ይጀምራል። ያላነበበው ሰው እንኳ የሁለቱን ፍቅረኞች፣ የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ዕጣ ከሌላ ሰው አፍ ሰምቶታል። ምን እንደሚሆን ለማወቅ ብቻ የሚነበብ ቢሆን ኖሮ፣ አንድ ጊዜ ተነብቦ አቧራ ሲጠጣ በኖረ ነበር።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ስጀምረው፣ ፍቅሩ ጋ ለመድረስ ቸኩዬ የበዛብህን ወላጆች፣ የቦጋለ መብራቱንና የውድነሽ በጣሙን ታሪክ እየዘለልኩ አለፍኩ። ዘንድሮ ከየካ አባዶ መገናኛ ለመድረስ በታክሲ ሰልፍና በመንገድ መጨናነቅ የሚያልቀውን ጊዜዬን ለዚሁ መጽሐፍ ሰጥቼ፣ የዘለልኩትን ሁሉ አንድ በአንድ አነበብኩ። እናት ልጇ እንዲያድግላት ብላ ለቤተ ክርስቲያን ልትሰጠው የተሳለችው ስለት፣ ልጁ ጎልምሶ ሰብለን በወደደ ጊዜ በመካከላቸው እንደሚቆም የገባኝ አሁን ነው። የሰብለ አባት የፊታውራሪ መሸሻ የዘር ኩራት አንዱ እንቅፋት ነው፤ ሌላው ግን ከክፋት ሳይሆን ከእናት ሥጋት የመነጨ ነው። አንባቢው ያንን ሥጋት ከወላጆቹ ጋር አብሮ ካልኖረው፣ በኋላ የልጁን መጨነቅ ወላዋይነት ብሎ ይፈርድበታል፤ እኔም በተማሪነቴ ፈርጄበት ነበር። ጉዱ ካሣ በሥርዓቱ ላይ የሚሰነዝረው ትችት አንዳንድ ቦታ ወደ ስብከት እንደሚያዘነብል አምናለሁ፤ ቀንስ ብባል ከዚያ ጥቂት እቀንስ ይሆናል፤ ከውድነሽ ታሪክ ግን አንዲት መስመር አልነካም።

እኛ ሰፈር መብራት በጠፋ ምሽት፣ ጎረቤቴ ለሆኑ አንዲት እናት መጽሐፉን በሻማ ብርሃን ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ። ፊደል አልቆጠሩም፤ ሆኖም ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ተከታትለው ስለነበር አነባበቤ ሲያነክስ ያርሙኛል። ደራሲው በሚጠብቁ ፊደላት አናት ላይ ነጥብ ማኖራቸውን ቀድሞ ከጌጥ አስበልጬ አላየውም ነበር፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ ሳነብ ግን «አለ» የሚለው ቃል «ተናገረ» ማለት ይሁን «ይገኛል» ማለት የምለየው በዚያች ነጥብ ሆነ። ስለቱ ጋ ስንደርስ ጎረቤቴ ቡናቸውን አስቀምጠው፣ «ምን ታድርግ ልጄ፣ የወለደ ያውቀዋል» ብለው ብዙ ዝም አሉ። ባጠረ መጽሐፍ ይህ ዝምታ ይገኝ ነበር ብዬ አላስብም።

ስለዚህ ዓምዳችሁ ከአዳዲሶቹ መጻሕፍት ጎን ለቆዩትና ለረዣዥሞቹ ልብ ወለዶችም ቦታ ቢሰጥ፣ በተለይም አንባቢያን በሁለተኛና በሦስተኛ ንባብ ያገኙትን እንዲጽፉ ቢጋብዝ መልካም ነው እላለሁ። እኛ አሁን የደረስነው ገበሬዎቹ ፊታውራሪን ከማረኩበት ላይ ነው። ጎረቤቴ ለዘመድ ሐዘን አገር ቤት ስለሄዱ፣ እስኪመለሱ ድረስ አንዲት ገጽ እንዳልገልጥ አስጠንቅቀውኛል።

ከሰላምታ ጋር
አንድ አንባቢ፣ ከየካ አባዶ