የአካባቢ ጥበቃ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ወቅትን የተከተሉ የቅዳሜ ትምህርቶች

ክበባችን ዘንድሮ ቅዳሜ ጠዋት የግቢውን በር ለወላጆችና ለሰፈሩ ነዋሪዎች ከፍቶ፣ ተማሪና ጎረቤት አብረው የሚሠሩባቸውን የተግባር ትምህርቶች ሲሰጥ ቆይቷል። የትምህርቶቹን ተራ የወሰነልን ወቅቱ ነው፦ ኮምፖስት (ከሚበሰብስ ቆሻሻ የሚሠራ የተፈጥሮ ማዳበሪያ) በጥቅምት፣ የዛፍ ዘር በታኅሣሥ፣ የከሰል ብሪኬት (ከከሰል ብናኝ ተጠቅጥቆ የሚሠራ ማገዶ) በጥር፣ የጆንያ ጓሮ በመጋቢት፣ ተከላ በሐምሌ። ሰው ቅዳሜ ያየውን እሑድ ቤቱ ካልሠራው ይረሳዋል። ኮምፖስትን በየካቲት ድርቀት ቢማር አረንጓዴ ቅጠል ከየት ያመጣል? ብሪኬትም በነሐሴ ዝናብ ቢሠራ ሳይደርቅ ይሻግታል። የክበብ ዕቅድ ብዙ ጊዜ በዓላትን ተከትሎ ይወጣል፤ ከዝናቡና ከፀሐዩ ጋር ማስማማቱ ግን ይቀድማል ብለን እናምናለን።

ሰፊውን ጊዜ የወሰደው ኮምፖስት ነው፤ ይገባዋልም። ከአዲስ አበባ ቤቶች የሚወጣው ቆሻሻ አብዛኛው የሚበሰብስ ነው፦ የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ፣ የጎመን አገዳ፣ የቡና አተላ፣ የጫት ገረባ፣ የግቢ ጥራጊ። ይህ ሁሉ በፌስታል ታስሮ ከሌላው ጋር ሲከመር አየር አጥቶ ይበሰብሳል፤ ሚቴን የተባለው ጋዝም ይወጣዋል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ በተባለው የከተማዋ ቆሻሻ መጣያ ላይ ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችን ሕይወታቸውን አጥተዋል። እርጥቡን ቆሻሻ ከምንጩ መለየት የሰፈር ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ለማስረዳት ከዚህ የበለጠ ምክንያት አያስፈልግም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጥላ ያለውና ውሃ የማያቁር ቦታ ይመረጣል። የክምሩ ስፋት በየጎኑ ከ1 ሜትር ማነስ የለበትም፤ ካነሰ ሙቀቱን መያዝ አይችልም። ቁመቱ ደግሞ ከ1.5 ሜትር ከበለጠ የታችኛው ክፍል ታምቆ አየር ያጣል። ከሥር የበቆሎ አገዳ፣ ቅርንጫፍ ወይም የጫት ገረባ በ15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይነጠፋል፤ አየር የሚገባው በዚህ ነው። በላዩ 20 ሳንቲ ሜትር ደረቅ ነገር፣ ማለትም ጭድ፣ የረገፈ ቅጠል ወይም የተቀዳደደ ካርቶን ይደረባል። ቀጥሎ 10 ሳንቲ ሜትር የወጥ ቤት ተረፈ ምርትና አረም፣ ከዚያ እስከ 5 ሳንቲ ሜትር እበት፣ በመጨረሻም አፈር በስሱ ይበተንበታል። እያንዳንዱ ድርብ ውሃ እየተርከፈከፈበት እስከ ቁመቱ ይደገማል። እበት ያላገኘ ቤት በምትኩ አንድ ባልዲ የቆየ ኮምፖስት ቢበትን ይበቃዋል፤ ዋናው ነገር አብላዮቹ ተዋሕስያን መግባታቸው ነው።

መሐሉ ላይ እስከ ሥሩ የሚዘልቅ ዱላ ይተከላል። ይህ ዱላ ከቴርሞሜትር የማይተናነስ መመርመሪያ ነው፤ በሳምንቱ ተስቦ ይዳሰሳል። ሞቃትና እርጥብ ከሆነ ሥራው እየሄደ ነው። ሞቃትና ደረቅ ከሆነ ውሃ ይፈልጋል። ቀዝቃዛና እርጥብ ከሆነ ውሃ በዝቶበታልና ተገልብጦ ደረቅ ነገር ይቀላቀልበት። ቀዝቃዛና ደረቅ ከሆነ ውሃም እበትም ጎድሎታል። በየሦስት ሳምንቱ የዳሩ ወደ መሐል፣ የመሐሉ ወደ ዳር እየሆነ ይገለበጣል። ከሦስት እስከ አራት ወር ውስጥ ጥቁር፣ ፍርፍር የሚልና የአፈር ሽታ ያለው ይሆናል። ሙቀቱ ሳይበርድ ችግኝ ላይ ማድረግ ሥር ያቃጥላል።

ከየቤቱ የመጡት ችግሮች ተመሳሳይ ነበሩ። ሽንት ሽንት የሚል ሽታ እርጥቡ ነገር ወይም የዶሮ ኩሱ መብዛቱን ያሳያል፤ መድኃኒቱ ጭድና ካርቶን ነው። የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ሲመጣ ግን አየር ጠፍቷል ማለት ስለሆነ ወዲያውኑ መገልበጥ ያስፈልጋል። ጉንዳን ከሰፈረበት ክምሩ ደርቋል። አይጥ የሚመጣው የእንጀራ ትርፍራፊ ላይ ላዩን ስለሚጣል ነው፤ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ይቀበር። ሥጋ፣ አጥንትና ዘይት ያለበት ወጥ ጨርሶ አይገባም፤ የውሻና የድመት ዓይነ ምድርም እንዲሁ። የጫት ገረባ ሳይቆራረጥ ከገባ ዓመት ቢቆይም አይበሰብስም፤ ከአንድ ጣት ርዝመት እንዳይበልጥ ይከተፍ። የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት ስላለው ብስባሹን ያዘገያል፤ ጥቂት ካልሆነ በቀር ባይገባ ይመረጣል። የሰፈራችን የጀበና ቡና ሻጮች በባልዲ የሰጡን አተላ እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ሆኖም ደቃቅ ስለሆነ ለብቻው ሲደረብ እንደ ጭቃ ይጋገራል። ከጠቅላላው ከአምስት እጅ አንዱን እንዳያልፍና ከደረቅ ቅጠል ጋር ተቀላቅሎ እንዲገባ አድርገናል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ቢታወስ መልካም ነው። በትግራይ ከ1988 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የአካባቢ ጥበቃ ሳይንቲስቱ ዶ/ር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔርና የሥራ ባልደረቦቻቸው ከአርሶ አደሮች ጋር ባካሄዱት ሥራ፣ በኮምፖስት የለማ ማሳ በኬሚካል ማዳበሪያ ከለማው ያላነሰ፣ ብዙ ጊዜም የበለጠ ምርት መስጠቱ ተመዝግቧል። ተማሪዎቻችን ኮምፖስትን የቆሻሻ ማስወገጃ ብቻ አድርገው እንዳይመለከቱት ይህ ታሪክ በክፍልም ሊነገር ይገባዋል።

በታኅሣሥ ወደ ዘር ገባን። የችግኝ ላስቲኩ የሚሞላው ሦስት እጅ የላይ አፈር፣ ሁለት እጅ የተነፋ ኮምፖስትና አንድ እጅ አሸዋ ተደባልቆ ነው። የዘሩ አያያዝ እንደ ዛፉ ይለያያል፤ ብዙ ችግኝ ጣቢያዎች የሚከስሩትም እዚህ ላይ ነው። የግራር ዘር ቅርፊቱ ውሃ ስለማያስገባ፣ ከእሳት የወረደ የፈላ ውሃ ተደፍቶበት እስከ ማግስቱ ይቆያል። ያበጠው ይዘራል፤ ያላበጠው እንደገና ይነከራል። ውሃው እሳት ላይ እያለ ዘሩን መጨመር ግን ዘሩን ይቀቅለዋል። የወይራ ፍሬ ጠንካራ ድንጋይ አለው፤ ውስጡ ሳይጎዳ ጫፉ በፒንሳ ይሰነጠቃል። የዋንዛ ፍሬ ሙጫው ታጥቦ ትኩሱን ቢዘራ ይሻላል። የጥቁር እንጨት ዘር ቶሎ ስለሚሞት አስቀምጦ ማቆየት አያዋጣም። ዘሩ የሚቀበረው የራሱን ውፍረት ሁለት ጊዜ ያህል ብቻ ነው። ጠለቅ ብሎ የተቀበረ ደቃቅ ዘር ጉልበቱ መንገድ ላይ ያልቃል።

የበቀለው ችግኝ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ጠቁሮ ሲወድቅ ብዙዎች ውሃ ጠምቶት ይመስላቸዋል። ምክንያቱ ተቃራኒው ነው፤ ውሃና ጥላ ሲበዛ የሚመጣ ሻጋታ ነው። ጠዋት ብቻ ማጠጣትና ከላዩ ያለውን የጥላ ዳስ ማሳሳት ያቆመዋል። ሥሩ ላስቲኩን አልፎ መሬት እንዳይነክስ በየወሩ ላስቲኩ እየተነሣ የወጣው ሥር ይቆረጣል። ከተከላ አንድ ወር በፊት ውሃው ይቀነሳል፣ ዳሱም ይነሣል፤ ችግኙ የሜዳውን ፀሐይ እንዲለምድ ነው። ዋንዛና ግራር ለዚህ ክረምት ይደርሳሉ። ወይራና ዝግባ ግን ቀስ ብለው ስለሚያድጉ ለከርሞው ክረምት ጣቢያው ውስጥ ይቆያሉ፤ ያለ ጊዜው አውጥቶ መትከል ለፍየልና ለድርቅ መስጠት ነው።

የጥር ወር ትምህርት በከሰል ብሪኬት ላይ ነበር። ከሰል ሻጮች ከማዳበሪያው ሥር የሚቀረውን ፍርፋሪና ብናኝ ይጥሉታል፤ ክበቡ ያንን ሰብስቧል። ፍርፋሪው ተወቅጦ በወንፊት ይነፋል። ለ10 ኪሎ ብናኝ ግማሽ ኪሎ ዱቄት በ5 ሊትር ውሃ እንደ ሙቅ ተቀቅሎ ትኩሱን ይለወሳል። ለምግብ የሚሆን ዱቄት እንዳይባክን የተጠቀምነው ከወፍጮ ቤት ወለል የተጠረገውን ነው። ዱቄት ከሌለ ለ10 ጣሳ ብናኝ 1 ጣሳ የተነከረ የሸክላ አፈር ይሆናል። ሸክላው ሲበዛ ግን ሙቀቱ ቀንሶ አመዱ ይበዛል። በእጅ ሲጨበጥ ቅርጹን ከያዘና ውሃ ካላንጠባጠበ በቂ ነው። ሁለት ጫፉ በተቆረጠ ቆርቆሮ ውስጥ ተጠቅጥቆ ይወጣል፤ የመጀመሪያውን ቀን ጥላ ላይ፣ ከዚያ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ፀሐይ ላይ ይደርቃል። በቀጥታ ፀሐይ ላይ የዋለ ይሰነጠቃል። ከወገብ ከፍታ ተለቆ ካልተሰበረ ደርሷል። ለማቀጣጠል ከሥሩ ጥቂት ተራ ከሰል ያስፈልገዋል፤ ቀስ ብሎ ስለሚነድ ለባቄላና ለሥጋ ወጥ ይመቻል፣ ለተቸኮለ ቡና አይሆንም።

ይህን ትምህርት የተከታተላችሁ ሁሉ አንዱን ነገር አደራ እንዳትዘነጉት። ብሪኬትም ሆነ ተራ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ሽታም ቀለምም የለውም። ፍሙ ጭስ ጨርሷል ብሎ ወደ መኝታ ቤት ማስገባት ይገድላል። ለብርድም ሆነ ለቡና በርና መስኮት ተዘግቶ አይነደድ።

በዚያው ሰሞን ምድጃም ታይቷል። ከሲሚንቶና ከቀላል ድንጋይ የሚሠራው «ምርጥ» የተባለው ምድጃ እሳቱን ከምጣዱ ሥር አፍኖ ስለሚይዝ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የእንጀራ ማገዶን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። የሚበላሸው በሁለት ምክንያት ነው፦ ሲሚንቶው ሳምንት ሙሉ ውሃ ሳይጠጣ እሳት ሲነድበት ይሰነጠቃል፤ ምጣዱና ግድግዳው መሐል ያለው ክፍተት በጭቃ ካልተመረገ ደግሞ ሙቀቱ በዚያ ይወጣል።

የጆንያ ጓሮ ግቢ ለሌላቸው ቤቶች የታሰበ ነው። የ50 ኪሎ ማዳበሪያ ጆንያ አፉ ተጠቅልሎ ይቆምና ሁለት ጫፉ የተቆረጠ ሰፊ ቆርቆሮ መሐሉ ላይ ይቀመጣል። ቆርቆሮው በጠጠር፣ ዙሪያው ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ ኮምፖስትና አንድ እጅ አሸዋ በተደባለቀበት ይሞላል። ቆርቆሮው ወደ ላይ እየተሳበ ይህ እስከ አፉ ይደገማል። የጠጠሩ ዓምድ ውሃውን እስከ ሥር ያደርሳል፤ ዓምዱ ከቀጠነ ላዩ ይጨቀያል፣ ታቹ ይደርቃል። ጎኑ ላይ በ20 ሳንቲ ሜትር ርቀት እየተበሳ ቆስጣ፣ ጎመንና ሰላጣ ይተከላል፤ ቃሪያና ቲማቲም ላይኛው አፍ ላይ። በምላጭ የተቀደደ ጆንያ ክሩ ስለሚተረተር ቀዳዳውን ጠበብ አድርጎ በመስቀል ቅርጽ መቁረጥ ይሻላል። የልብስ እጣቢ በረኪና ከሌለው ለዛፍ ይሆናል፤ ጥሬውን ለሚበላ ሰላጣ ግን ንጹሕ ውሃ ብቻ።

ፌስታልን በተመለከተ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትር የሆነውንና ከዚያ ያነሰውን ከልክሎ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅ ደግሞ ክልከላውን አጥብቆታል። የክበቡ አባላት ከዱቄት ጆንያና ከአሮጌ ነጠላ የገበያ ቦርሳ መስፋትን አስተምረዋል። የሃይላንድ ጠርሙስ ክዳኑ ተለይቶ፣ ተጨፍልቆና ደርቆ ለቆራሌው ሲሰጥ ዋጋ ያገኛል፤ ዘይት የነካው ከተቀላቀለበት ግን ሙሉ ጆንያው ዋጋውን ያጣል።

የቀረን የክረምቱ ሥራ ነው። ጉድጓዶቹ 40 ሳንቲ ሜትር ስፋትና ጥልቀት ኖሯቸው ከአሁኑ ይቆፈራሉ፤ የላዩ አፈር በአንድ ወገን፣ የታቹ በሌላ ወገን ይቀመጣል። ሲተከል የላዩ አፈር ከሁለት አካፋ ኮምፖስት ጋር ተቀላቅሎ ከሥር ይገባል። ላስቲኩ ሙሉ በሙሉ ይወልቃል፤ የላስቲኩን ታች ብቻ ቀዶ ከነላስቲኩ መትከል ሥሩ በራሱ ላይ እንዲጠመዘዝ ያደርገዋል። የተጠመዘዘው ሥር ይቆረጥ። ግንዱ ችግኝ ጣቢያው ውስጥ ከነበረበት ልክ በታች አይቀበር። በአንድ ቀን ብዙ ችግኝ መትከል ደስ ያሰኛል፤ እኛ ግን የምንቆጥረው በሚቀጥለው ግንቦት በሕይወት ያለውን ነው። ስለዚህ ከኅዳር ጀምሮ በጋውን ሙሉ በሳምንት ሁለት ጊዜ አንድ ጀሪካን የሚያጠጣ ቤተሰብ ስሙን ሳያስመዘግብ ችግኝ ከጣቢያው አይወጣም። የኮምፖስት ክምሮቹ በሐምሌና ነሐሴ ዝናብ እንዳይታጠቡ በሸራ ይሸፈናሉ፣ ዙሪያቸውም ቦይ ይቆፈርላቸዋል። የማጠጣትና የመገልበጥ ተረኞች ዝርዝር በክበቡ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል፤ የወለቀው ላስቲክ ሁሉ ታጥቦ ወደ ጣቢያው ይመለስልን።