እትዬ፣ የአባዬን ጆሮ ነገር ዛሬ ነገ አትበይ

እትዬ፣ እንዴት ነሽ? ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሽቱትጋርት ብርዱ ገብቷል እንጂ ሌላ ችግር የለብኝም።

የላክሽልኝን ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። የአባዬ ጆሮ ጫፍ ላይ ያለው ነገር ቢጫ ሆኖ ወደ ቡኒ ይሄዳል፤ እንደ ግልገል ቀንድ ወደ ኋላ ጎበጥ ብሏል። ሥሩ ደግሞ ቀላ ብሏል። ጎረቤት እርግማን ነው እያለ ሲያወራ፣ አባዬም በዚያ ሙቀት ጆሮውን በጋቢ ሸፍኖ እንደሚወጣ ስትነግሪኝ አለቀስኩ። ምን አጥፍቶ ነው የሚሸፋፈነው?

የምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ዕድሜያቸውን በእርሻ የጨረሱ። እሳቸውም ግንባራቸው ላይ እንዲሁ ወጣባቸው። ቆዳ ሐኪም ጋ ይዣቸው የሄድኩት እኔ ስለሆንኩ፣ የምነግርሽ በዓይኔ ያየሁትን ነው።

ሐኪሞች «የቆዳ ቀንድ» ይበሉት እንጂ እንደ በሬ ቀንድ ውስጡ አጥንት የለውም። ጥፍርና ፀጉር የሚሠራበት ኬራቲን የሚባለው ነገር መርገፍ ሲገባው እየተደራረበ ሲጠጥር ነው እንዲህ የሚሆነው። የሚበዛው አረጋውያን ላይ ነው፤ እሱም ፀሐይ በሚያገኘው ቦታ፣ ፊት፣ ጆሮ፣ ራስ፣ የእጅ ጀርባ ላይ። አባዬ ስንት ዓመት ነው ሐዋሳ ሐይቅ፣ አሞራ ገደል ዳር ባዶ ራሱን ተቀምጦ መረብ ሲጠግን የኖረው? ፀሐዩ ከላይ፣ የሐይቁ ነጸብራቅ ከፊት። ምሳውን ስወስድለት የጆሮው ጫፍ ሁሌ ተልጦ ነበር፤ ያኔ ማን ልብ አለው።

ሐኪሟ ቀንዱን ብዙም አላየችውም። ሥሩን ነው በጣቷ ጫን ጫን እያለች የዳሰሰችው። ያማል? ይደማል? ሰፍቷል? ጠጥሯል? እያለች ጠየቀች። ከዚያ አንገታቸውን ንፍፊት ካለ ብላ ዳበሰች። እንዲህ ካሉት ቀንዶች ከ10ሩ 6ቱ ገደማ ምንም ክፋት የሌላቸው ናቸው፤ ኪንታሮትና እሱን የመሰለ ነገር። በቀሩት ሥር ግን ወደ ካንሰር የሚሄድ ቁስል ወይም ራሱ የቆዳ ካንሰር ሊገኝ ይችላል። ከላይ በማየት ብቻ መለየት አይቻልም፤ ሥሩ ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት።

ሥሩ ስለሚቀር ነው አባዬ በጥፍር መቁረጫ እየቆረጠው ተመልሶ የሚያድገው። ጫፉን ነዋ የሚቆርጠው! በክር ማሰርም፣ በእሳት ማስተኮስም እንዳትሞክሩ።

ኦፕራሲዮኑ አያስፈራም፤ ይህን ንገሪው። ሙሉ ማደንዘዣ የለውም። ሽማግሌው ቦታው ላይ ብቻ መርፌ ተወጉ፤ ቀንዱ ከነሥሩ፣ ከዙሪያው ጥቂት ጤነኛ ቆዳ ጋር ወጣ፤ ተሰፋ፣ በዚያው ቀን ቤታቸው ገቡ። ሲመለሱ ሾርባ ጠጥተው ተኙ። የወጣው ነገር ፎርማሊን ያለበት ብልቃጥ ውስጥ ተደርጎ ወደ ፓቶሎጂ፣ በማይክሮስኮፕ ወደሚመረመርበት ላቦራቶሪ፣ ተላከ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ፓሪስ ውስጥ ማዳም ዲማንሽ የሚባሉ አሮጊት ግንባራቸው ላይ 25 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ ቀንድ አብቅለው ነበር። እሳቸውም ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ድነዋል፤ ዛሬ የመሰለ ማደንዘዣ እንኳ ሳይኖር።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ሪፈራል ሆስፒታል ውሰጂው። ለልብ ወይም ለደም ማቅጠኛ የሚውጠው መድኃኒት ካለ ለሐኪሙ ንገሪ፣ ስኳሩንም እንዳትረሺ። ሲቆረጥ «ለፓቶሎጂ ይላካል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። አይላክም ካሉሽ እንዳታፍሪ፣ ለምን በያቸው። ውጤቱ ሲመጣ ወረቀቱን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ካንሰር ነው ቢሉም አትደንግጪ፤ በጊዜው ከተደረሰበት ብዙውን ጊዜ በቀዶ ሕክምና ይወጣል።

ብሩን ሰኞ እልካለሁ። ሰፊ ባርኔጣም ገዝቻለሁ፣ ወደዚያ የሚመጣ ሰው እየፈለግኩ ነው። እስከዚያ ያን ጥፍር መቁረጫ ደብቂበት።

ታናሽሽ