ለእማዬ፦ መርከቡ ላይ የተከፈለውና ያልተከፈለው

እማዬ እንደምን ሰነበትሽልኝ፣ ጉልበትሽ እንዴት ነው፣ እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። እዚያ አሜሪካ ከእህቴ ጋር ከባልቲሞር ወደ ባሃማስ ለምትሄዱበት የአንድ ሳምንት የክሩዝ ጉዞ፣ የመዝናኛ መርከቡ ማለቴ ነው፣ ምኑ እንደተከፈለና ምኑ እንዳልተከፈለ በስልክ ልነግርሽ ስጀምር "ካርድህን አትጨርስ" እያልሽ ትዘጊብኛለሽ፣ ስለዚ በጽሑፍ ይሁን ብያለሁ፣ ፊደሉን አጉልተሽ ቀስ ብለሽ አንብቢው፣ የጨነቀሽ ቦታ ካለ እህቴን ጠይቂያት።

ቤተክርስቲያን አንዷ ሴትዮ "መርከቡ ላይ ውሃ እንኳን በዶላር ነው፣ ሲወርዱ የሚመጣው ቢል ያሳብዳል" ብላሽ ልጄን አላስዘርፍም ብለሽ ልትቀሪ እንደሆነ ሰማሁ። ብትሄድም ደሞ ሳምንቱን ሙሉ የምትበላውን ቆሎና ዳቦ ቆሎ ሻንጣ እየሞላች ነው አሉኝ። እማዬ በናትሽ እንዲ አታድርጊ። ሴትዮዋ ሙሉ በሙሉ ተሳስታለች አልልም፣ የሚያስከፍል ነገር አለ፣ ግን አንቺን የሚያስርብሽ ነገር የለም። እህቴ በቴሌግራም የላከችልኝን የቡኪንግ ወረቀት መስመር በመስመር አንብቤዋለሁ፣ ቢሮ ደሞ ክሩዝ መርከብ ላይ አስተናጋጅ ሆኖ የሠራ ልጅ አለ፣ ምሳ ሰዓት ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ቡና እየጠጣን አንድ በአንድ አስረድቶኛል፣ የምነግርሽ የሁለቱን አገናኝቼ ነው።

መጀመሪያ የምግቡን ነገር ልንገርሽና ይረፍልሽ። ቁርስ ምሳ እራት ትኬቱ ውስጥ ነው፣ ተከፍሏል፣ አለቀ። ዋናው የመመገቢያ አዳራሽ ገብተሽ ሾርባ ሰላጣ ዋና ምግብ ጣፋጭ ብታዢ ማንም ገንዘብ አይጠይቅሽም፣ ያዘዝሽው ካልጣመሽ ሌላ አምጡልኝ ብትዪም ያመጡልሻል። ቡፌውም እንደዚያው ነው፣ ደጋግመሽ ብትነሺ ማንም አያይሽም። ብትበይም ባትበይም ዋጋው ያው ነው፣ ቆሎ ቆርጥመሽ ብትውይ ለእህቴ አንድ ዶላር አይመለስላትም። ቆሎውንም ቢሆን ወደቡ ላይ ሊያስቀሩብሽ ይችላሉ፣ ብዙዎቹ መርከቦች ከሱቅ የተገዛ የታሸገ ደረቅ ነገር ግድ የላቸውም እንጂ ቤት የተሠራ ምግብ አያስገቡም። እጣንና የኤሌክትሪክ ምድጃም እንዳትይዢ፣ እሳት ስለሚፈሩ ይወስዱብሻል።

ጉዞው ፍልሰታ ላይ መዋሉ እንዳሳሰበሽም አውቃለሁ። የጾም ምግብ ተጨማሪ አያስከፍልም፣ ቀድሞ መናገር ብቻ ነው የሚፈልገው። እህቴ ከመሄዳችሁ በፊት ለካምፓኒው ታስመዝግብልሽ፣ መጀመሪያው ማታ ደሞ የአዳራሹን ኃላፊ "ቪጋን ነኝ" በይው፣ ሥጋ ወተት ቅቤ እንቁላል እንደማትበዪ በዚች አንድ ቃል ይገባዋል። ልጁ እንደነገረኝ እንደዚ ላለ እንግዳ የነገውን ሜኑ ከዛሬ ማታ አምጥተው ያስመርጡታል፣ ኩሽናው ለብቻ ይሠራለታል። አንድ ነገር ብቻ፣ አንቺ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለምትጾሚ የቡፌው ምሳ በዚያ ሰዓት ገደማ ሊዘጋ ይችላል፣ ሰዓቱን ቀድመሽ ጠይቂ ወይ እህቴ ሳይዘጋ ሰሃን ይዛልሽ ትምጣ።

የሚያስከፍሉት ደሞ ስማቸው ለየት ያለ ትናንሽ ሬስቶራንቶች ናቸው፣ የስቴክ ቤት፣ የሱሺ ቤት ምናምን፣ ለአንድ ሰው ከ30 እስከ 60 ዶላር ሊሉ ይችላሉ። ለፍልሰታ ሥጋ ቤት ምን ትሠሪያለሽ፣ እለፊያቸው።

ውሃ በዶላር ነው ያለችሽ ከዚ የመጣ ይመስለኛል። ክፍላችሁ ስትገቡ ጠረጴዛ ላይ ትልቅ የታሸገ ውሃ ተቀምጦ ልታገኚ ትችያለሽ፣ አንገቱ ላይ ትንሽ ወረቀት ተንጠልጥሎበታል፣ ወረቀቱ ላይ ዋጋ አለ። የእንግዳ አክብሮት መስሎሽ ከፈትሽው ማለት ገዛሽው ማለት ነው። ሚኒባር የሚሉት ትንሹ ፍሪጅ ውስጥ ያለውም እንደዚያው ነው። ቡፌው ጋ ከማሽን የሚቀዳው ውሃ ግን ነፃ ነው፣ ንጹህም ነው፣ ኮዳ ይዘሽ ሂጂና ሙይ። ሻይና በማሽን የተጣራ ቀጭን ቡናም ነፃ ነው፣ ጠዋት ጁስም አለ። ማኪያቶ ግን ካፌው ሄደሽ ካዘዝሽ ይከፈልበታል፣ ያንቺን የቡና ነገር ስለማውቅ ይሄን አስቀድሜ ነው የምነግርሽ፣ ቀጭኑ ቡና ፒያሳ ቶሞካ ቆመሽ ትጠጪው የነበረውን አይነት አይደለም። በቀን አንድ ማኪያቶ ብትጠጪ እህቴ አትደኸይም፣ አራት አምስት ዶላር ቢሆን ነው፣ ሰርቪስ ይጨመርበታል፣ ጠጪ። ለስላሳ፣ ቢራ፣ ወይን ሁሉም በገንዘብ ናቸው።

የመጠጥ ፓኬጅ የሚሉት፣ በቀን የተቆረጠ ሂሳብ ከፍሎ እንደልብ መጠጣት ማለት ነው፣ እሱ ላይ ግን እህቴን ጠበቅ አድርገሽ ንገሪልኝ። አልኮል ያለበት ፓኬጅ ብዙ ጊዜ ለአንድ ሰው በቀን ከ60 ዶላር በላይ ነው፣ ብዙ ካምፓኒዎች ደሞ አንድ ክፍል ውስጥ ካሉ አዋቂዎች አንዱ ከገዛ ሌላውም ይግዛ ይላሉ። አንቺ በጾም ውሃና ሻይ እየጠጣሽ በስምሽ የመጠጥ ሂሳብ ሊከፈል ነው ማለት ነው። እሷ አንድ ወይን ካማራት ለብቻው ትክፈል፣ ይሻላታል።

ታክሱን በተመለከተ፣ እኛ ጋ ካዛንቺስ ያለ ሆቴል ሜኑው ላይ 500 ብር ያለው ምግብ አስር ፐርሰንት ሰርቪስና አስራ አምስት ፐርሰንት ቫት ተደምሮበት 632 ብር ከ50 ሆኖ እንደሚመጣው፣ ክሩዝም ድሮ መጀመሪያ ዝቅ ያለ ዋጋ ያሳዩና የወደብ ክፍያና ታክስ መጨረሻ ላይ ይደምሩ ነበር። ከጁላይ 2024 ጀምሮ የካሊፎርኒያ ሕግ ስላስገደዳቸው እነ ካርኒቫልና ሮያል ካሪቢያን የሚባሉት የክሩዝ ካምፓኒዎች አሜሪካ ውስጥ እሱን ከመጀመሪያው ዋጋ ውስጥ አስገብተው ነው የሚያሳዩት። እህቴ የከፈለችው ውስጥም አለ፣ አይቼዋለሁ። አውሮፕላንም አያስፈልጋችሁም፣ ባልቲሞር ወደብ እናንተ ጋ ቅርብ ስለሆነ በመኪና ነው የምትሄዱት፣ ሌላው ሰው ከሩቅ ሲመጣ ትልቁ ወጪ እሱ ነው። ፓርኪንጉ ግን በቀን ሂሳብ ስለሚከፈል የሚያደርሳችሁ ሰው ከተገኘ ጥሩ ነው።

ከዋጋው ውጪ የሚቀረው ትልቁ ነገር ቲፑ ነው፣ እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ። በየቀኑ ለአንድ ሰው ከ16 እስከ 20 ዶላር ገደማ በራሱ ሂሳቡ ላይ ይጻፋል፣ ለሁለት ሰው ለሳምንት ስታሰቢው ከ200 ዶላር በላይ ነው። ሴትዮዋን ሲወርዱ ያስደነገጣት ይሄ ሳይሆን አይቀርም። እህቴ ግን ቀድማ ከፍላዋለች፣ ወረቀቱ ላይ "የተከፈለ" ይላል። ብዙ መርከብ ላይ ሪሴፕሽን ሄዶ ይቀነስልኝ ማለት ይቻላል፣ የሚያደርጉም አሉ፣ አንቺ ግን አታደርጊውም። ልጁ እንደነገረኝ አልጋሽን የሚያነጥፈውና ምግብሽን የሚያቀርበው ሰው ደሞዙ ራሱ የሚሞላው በዚ ነው፣ ለወራት ከቤተሰቡ ተለይቶ ያለ እረፍት ቀን ይሠራል፣ አብዛኛው እንደኛ ካለ አገር የመጣ ነው። እሱ ራሱ እናቱን ያኖረው በዚች ቲፕ ነው፣ ሲያወራ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ይሄ መከፈል ያለበት ነው፣ ሁለቴ መከፈል ግን የለበትም። ማኪያቶ ስታዢ የምትፈርሚበት ደረሰኝ ላይ 18 ወይ 20 ፐርሰንት ሰርቪስ አስቀድሞ ተደምሯል፣ ከሱ በታች ደሞ ባዶ መስመር አለ፣ ተጨማሪ ቲፕ ለመጻፍ ነው። ባዶውን ተዪው። ፈርመሽ መልሺ፣ ማንም አይቀየምሽም።

ፊርማ ያልኩበት ምክንያት መርከቡ ላይ ጥሬ ብር አይሠራም፣ ስትገቢ ካርድ ይሰጡሻል፣ የክፍልሽም ቁልፍ እሱ ነው የገንዘብ ቦርሳሽም እሱ ነው፣ ከእህቴ ክሬዲት ካርድ ጋር ይያያዛል። ገንዘብ ሲወጣ ስለማይታይሽ ነው አደገኛው። ማንም ሰው ካርድሽን ስጪኝ ካለሽ ከመስጠትሽ በፊት "ነፃ ነው ወይ" ብለሽ ጠይቂ፣ ይሄን ጥያቄ በእንግሊዝኛ እህቴ ታለማምድሽ። በሩ ላይ ፎቶ የሚያነሱሽ አሉ፣ መነሳቱ ነፃ ነው፣ ፎቶውን መውሰዱ ነው የሚያስከፍለው፣ አንዱ 20 ዶላርና ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። ተነሺ፣ በጣም ያማረች አንድ ብቻ ግዙ። ማሳጅ ቤቱ ለየብቻ ነው፣ እሱ ሲያልቅ ደሞ ቅባት ሊሸጡልሽ ያግባቡሻል፣ አመሰግናለሁ ብለሽ ውጪ። ቲያትሩ፣ ሙዚቃው፣ መዋኛው ግን በነፃ ነው፣ ማታ ማታ ትርኢቱን ሳታዪ እንዳትተኚ።

ስልክሽን መርከቡ ሲነሳ ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጊው፣ ይሄን እህቴ በእጇ ታድርግልሽ። ባህር ላይ ስልኩ የመርከቡን ኔትወርክ ከያዘ ዝም ብሎ ኪስ ውስጥ ተቀምጦ ሂሳብ ይቆጥራል። ዋይፋዩ በቀን 20 ዶላርና ከዚያ በላይ ነው፣ እሷ ለአንድ ስልክ ገዝታለች፣ በሷ ስልክ ደውዪልኝ፣ አንድ ቀን ሳትደውዪ ብትውዪም አልጨነቅም።

ባሃማስ ስትደርሱ አስጎብኚ ጉዞ የሚሉት ሁሉ ተጨማሪ ነው። ናሳው ላይ መርከቡ የሚቆመው ከከተማው መሃል ጎን ስለሆነ ወርዳችሁ በእግር ዞር ዞር ብላችሁ መመለስ ትችላላችሁ፣ ጉልበትሽ እምቢ ካለ ደሞ መርከቡ ላይ ቅሪ፣ ግዴታ አይደለም። በራሳችሁ ከወጣችሁ ግን ሰዓት አክብሩ፣ በመርከቡ በኩል የተገዛ ጉዞ ሲዘገይ ይጠብቃሉ፣ በራሱ የወጣን ሰው ጥለውት ይሄዳሉ። የካምፓኒው የራሱ ደሴት ላይ ስትወርዱ ምሳውም የባህር ዳር ወንበሩም ትኬቱ ውስጥ ነው፣ ዳስ መከራየትና የውሃ መንሸራተቻው ነው በገንዘብ። ወቅቱ የአውሎ ነፋስ ወቅት ስለሆነ ካፒቴኑ አንድ ወደብ ሊዘል ይችላል፣ ያኔ የዚያን ወደብ ክፍያ ይመልሳሉ እንጂ የጉዞውን ዋጋ አይመልሱም።

የሐኪም ነገር ነው እውነት የሚያሳስበኝ። መርከቡ ላይ ክሊኒክ አለ፣ ትኬቱ ውስጥ ግን የለም፣ አሜሪካ ያለሽ ኢንሹራንስም እዚያ ላይሠራ ይችላል። ከባህር ላይ በሄሊኮፕተር ሰው ማንሳት ደሞ በአስር ሺዎች ዶላር የሚቆጠር ነው። እህቴ የጉዞ ኢንሹራንስ ገዝታለች፣ ግን ቀድሞ የነበረ የደም ግፊትንና ስኳርን ይሸፍናል ወይ የሚለውን ወረቀቱ ላይ አላገኘሁትም፣ ደውላ ታረጋግጥ፣ ካልሸፈነ ሌላ ይገዛ፣ ቆጥቡ የማልልበት ነገር ቢኖር ይሄ ነው። መድሃኒትሽን ትልቁ ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቺ፣ እሱን ወደቡ ላይ ተቀብለው ክፍላችሁ የሚያደርሱት ከሰዓታት በኋላ ሊሆን ይችላል፣ በእጅሽ ያዢው፣ ፓስፖርትሽንና ግሪን ካርድሽንም እንደዚያው። ስትሳፈሪ ዊልቸር ከጠየቃችሁ በነፃ ይገፉሻል፣ አስቀድሞ ማስመዝገብ ነው፣ ለገፋሽ ሰው ጥቂት ዶላር ኪስሽ ይኑር።

ልቅር ስላልሽው ደሞ። ዋጋው የሚሰላው ሁለት ሰው በአንድ ክፍል ተብሎ ነው። እህቴ ቀሪውን ክፍያ ጨርሳለች፣ አሁን ብትቀሪ የሚመለስላት ታክሱና የወደቡ ክፍያ ነው እንጂ ያንቺ አብዛኛው ገንዘብ ይቀራል፣ እሷም ለብቻዋ ትሄዳለች። መቅረትሽ አያተርፋትም እማዬ። ለስንት ዓመት ለኛ ስትዪ ሳትበይ የዋልሽውን እሷም አትረሳም እኔም አልረሳም፣ አንድ ሳምንት ሰው ሠርቶ ያቀረበልሽን ቁጭ ብለሽ ብትበይ ደስ የሚለን እኛን ነው።

ከመውረዳችሁ በፊት ባለው ማታ ሪሴፕሽን ሄዳችሁ ሂሳቡን አውጡና አንድ በአንድ እዩት፣ ያልጠጣችሁት ነገር ካለ እዚያው ሳትወርዱ ተናገሩ፣ ከወረዳችሁ በኋላ ልፋት ነው። ወረቀቱን ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ፣ እኔም አያለሁ።

የእድር ሴቶች ሁሉም ሰላም ብለውሻል፣ ጊዮርጊስም ስምሽን ለጸሎት ሰጥተውልሻል። ለእህቴ ዛሬ ማታ ከሥራ ስትገባ እሄዳለሁ በያት፣ ዊልቸሩንና የጾሙን ምግብ ነገ ጠዋት እንድታስመዘግብ።

ልጅሽ፣ ከአራት ኪሎ