ሴራሚኩ ሳይነጠፍ

ውድ ወንድሜ፣

ሰላም ነህ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኛ እዚህ ሰበታ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ከተጠፋፋን ቆየን፤ በጣም ናፍቀኸኛል። ለገጣፎ ቤት እየሠራህ እንደሆነ፣ ሳሎኑ ውስጥም ትልቅ የዓሣ አኳሪየም ልታስገባ እንዳሰብክ እናትህ ሲነግሩኝ ደስታዬን አልቻልኩትም። ሌላውን ወሬ ስንገናኝ እናወጋለን። ይሄኛው ግን ሴራሚኩ ሳይነጠፍ ይድረስህ።

ሰውን ከአኳሪየም የሚያጣላው ባልዲው ነው። ርዝመቱ 150፣ ስፋቱና ቁመቱ 60 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 540 ሊትር ይይዛል። በየሳምንቱ ሩቡን ቀይር ቢሉህ 135 ሊትር መሆኑ ነው። ይህን በባልዲ እያመላለስክ የት ትደርሳለህ? ስለዚህ ገና ከአሁኑ አኳሪየሙ በሚቆምበት ግድግዳ ሥር ሁለት ቧንቧ አስቀብር። አንዱ ፍሳሹን ወደ ጓሮ ያወጣል፤ ሌላው ከሮቶ ይመጣል፣ ጌት ቫልቭ ይኑረው። ጎማውን ውሃ ሞልተህ አንዱን ጫፍ አኳሪየሙ ውስጥ ትነክራለህ፣ ሌላውን ፍሳሽ ቧንቧው ውስጥ ትከታለህ፤ ውሃው ራሱ ይወርዳል። ከዚያ ቫልቩን ቀስ አድርገህ ትከፍታለህ፣ ይሞላል። በቃ! የሚወጣው ውሃ ናይትሬት ስላለው ለጎመንና ለሎሚ ማዳበሪያ ነው። እናትህ ደግሞ ጓሮ ይወዳሉ።

ከቻልክ ለዚህ ብቻ የሚሆን ትንሽ ሮቶ ለይ። የቧንቧ ውሃ ክዳኑ ገርበብ ብሎ አንድ ሁለት ቀን ሲያድር ክሎሪኑ ይተናል። ውሃ ሲጠፋም መጠባበቂያ አለህ ማለት ነው።

ቦታውን ምድር ቤት አድርገው። ውሃው ብቻውን ከግማሽ ቶን በላይ ይመዝናል። መስታወቱ ከ12 ሚሊ ሜትር አይነስ፤ እዚህ ላይ ገንዘብ አትቆጥብ። ከመስኮት አርቀው፤ ፀሐይ ካገኘው መስታወቱ ላይ አረንጓዴው ሽበት (አልጌ) ቶሎ ቶሎ ይይዛል።

አሁን ወደ ዓሦቹ ልምጣ። የሞቃት አገር ዓሣ 24 እና 25 ዲግሪ ይፈልጋል። የኛ ሌሊት ብርድ ታውቀዋለህ፤ መብራት ሲጠፋ ማሞቂያውም አብሮ ይጠፋል። ጎልድ ፊሽ ግን ቅዝቃዜውን ይችለዋል፣ ማሞቂያ አያስፈልገውም። ብዛታቸው ከአምስት ከስድስት አይለፍ። ደጋ ላይ ነን፤ አየሩ ሳሳ ስለሚል ውሃው የሚይዘው ኦክስጅንም ያንሳል። በተጨናነቀ አኳሪየም መብራት ጠፍቶ ካደረ ጠዋት ስትነሳ ሁሉም ላይ ወጥተው፣ አፋቸውን ከፍተው አየር ሲጎርሱ ታገኛቸዋለህ። ያን ማየት ያማል። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ከጎኑ አስቀምጥ። የማጣሪያው መውጫም የውሃውን ገጽ የሚያናውጥ ይሁን።

ዓሦቹን ባንዴ አታስገባ። ከዓሣው የሚወጣውን መርዛማ አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች እስኪደራጁ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ማጣሪያው ላይ ነው የሚኖሩት። ስፖንጁን የምታጥበው ከአኳሪየሙ በቀዳኸው ውሃ ነው፤ ቧንቧ ሥር ካጠብከው ክሎሪኑ ይፈጃቸዋል።

ተክል ካማረህ አኑቢያስ ድንጋይ ላይ እሰር። አፈር አይፈልግም፣ ቅጠሉም ጠንካራ ስለሆነ ጎልድ ፊሽ እምብዛም አይነካውም።

የሳሎኑን ፕላን በቴሌግራም ላክልኝ፤ የቧንቧውን መስመር ምልክት አድርጌበት እመልስልሃለሁ። ቧንቧ ሠራተኛው የሚመጣበትን ቀን ንገረኝና እኔም እመጣለሁ።

እናትህን ሳምልኝ።

ወንድምህ