ስውር ዘመቻ ያለ ቀን፣ ያለ ፊርማና ያለ ማብቂያ አይፈቀድ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ስለ ደህንነት ተቋማት በገጾቻችሁ በሚካሄደው ክርክር "አገር ስውር ሥራ ያስፈልጋታል ወይስ አያስፈልጋትም?" በሚለው ጥያቄ ዙሪያ ብዙ ተብሏል። ያስፈልጋታል። አጣዬ በ2013 ዓ.ም. ስትቃጠል ያየ የሰሜን ሸዋ ሰው፣ ቀድሞ የደረሰ አንድ መረጃ ስንት ነፍስ ሊያተርፍ እንደሚችል ማንም ሊነግረው አያሻም። ያው ሰው ጆሮ ጠቢ የሚፈራበትን ዘመንም ያውቃል። ስለዚህ ክርክሩ ወደ ወረቀቱ ይምጣ። ዘመቻውን ማን ፈቀደ? መቼ ፈረመ? እስከ መቼ ይቆያል? ከፈራሚው ሌላ ማን አየው?

መረጃ መሰብሰብና ስውር ዘመቻ አንድ አይደሉም። ስልክ መጥለፍ፣ ቤት ገብቶ መቅረጫ መትከል፣ በአንድ ቡድን ውስጥ ሰው ማስረግ የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው የመንግሥት እጅ ሳይታወቅ አንድን ሁኔታ መለወጥ ነው፤ በሦስተኛ ሰው በኩል ገንዘብ ወይም መሣሪያ ማቀበል፣ ወሬ ማናፈስ፣ አንድን ቡድን ከውስጥ መከፋፈል። ለመጀመሪያው የዳኛ ትእዛዝ ዋናው መቆጣጠሪያ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 እንኳ፣ ያን ያህል የተወቀሰ ሕግ ሆኖ ሳለ፣ በአንቀጽ 14 ለጠለፋ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይጠይቅ ነበር። ለሁለተኛው ግን ዳኛ ብቻውን አይበቃም። ውሳኔው ፖለቲካዊ ስለሆነ ነገ ምክር ቤት ፊት ቆሞ "የፈቀድኩት እኔ ነኝ" የሚል የተመረጠ ባለሥልጣን ያስፈልገዋል። ብልሽቱ የሚጀምረው ለማዳመጥ የተሰጠው ፈቃድ ለመፈጸምም የተሰጠ ተደርጎ ሲቆጠር ነው።

ይህን ዋጋ ከፍሎ የተማረው የአሜሪካ መንግሥት ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 1974 ድረስ አሠራሩ ፕሬዚዳንቱ "አላውቅም" ለማለት እንዲችሉ ሆኖ የተዘረጋ ነበር፤ ትእዛዝ በቃልና በጥቅሻ ይወርድ ነበር። በዚያ ዓመት የወጣው የሂዩዝ-ራያን ማሻሻያ፣ ፕሬዚዳንቱ ራሳቸው ዘመቻው ለአገር ደህንነት አስፈላጊ መሆኑን ካላረጋገጡና ለኮንግረስ ኮሚቴዎች ካልተነገረ በቀር የስለላ ድርጅቱ ሲአይኤ ለዘመቻው ገንዘብ እንዳያወጣ አገደ። ማረጋገጫው በጽሑፍ ይሁን ግን አላለም። ቀዳዳው በኖቬምበር 1985 ታየ፤ ሚሳይል ወደ ኢራን ሲጓጓዝ ሲአይኤ ያለ ማረጋገጫ እጁን አስገባ። ፕሬዚዳንት ሬገን ያለፈውን ጭምር የሚሸፍነውን ወረቀት የፈረሙት ነገሩ ከተፈጸመ በኋላ፣ በዲሴምበር 5 ነበር። ያንንም ወረቀት የብሔራዊ ደህንነት አማካሪው ጆን ፖይንዴክስተር በ1986 ቀደዱት። በጃንዋሪ 1986 የተፈረመው ሌላ ማረጋገጫ ደግሞ ጉዳዩ ለኮንግረስ እንዳይነገር የሚያዝ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የአሜሪካ ሕግ የተጻፈው እነዚህን ቀዳዳዎች እያየ ነው። ማረጋገጫው በጽሑፍ ይሆናል። አስቸኳይ ከሆነና በቃል ከተሰጠ ወዲያው ተመዝግቦ በ48 ሰዓት ውስጥ ወረቀት ይሆናል። ወደኋላ ተመልሶ ያለፈ ድርጊትን አይሸፍንም። የሚሳተፈው መሥሪያ ቤት ሁሉ በስም ይጠቀሳል፤ ሕገ መንግሥቱን ወይም ሌላ ሕግ የሚጥስ ድርጊት አይፈቀድበትም።

እኛ አገር ከመንግሥት መጋዘን አንድ ጎማ እንኳ ያለ ሞዴል 22፣ ማለትም ያለ ንብረት ወጪ ማድረጊያ ቅጽ፣ አይወጣም። የሰው ሕይወት የሚነካ ትእዛዝ ከጎማ ባነሰ ጥንቃቄ ሊወጣ አይገባም። ወረቀቱ ላይ በመጀመሪያ ዓላማው በአንድ ግልጽ ዓረፍተ ነገር ይቀመጥ፤ "ጸጥታን ማስጠበቅ" የሚል ሐረግ ዓላማ አይደለም፣ ምንም ነገር ይገባበታልና። ከዚያ የሚሳተፉት ይዘርዘሩ፣ የክልል ፖሊስ፣ ሚሊሻና ተከፋይ ግለሰብ ሳይቀሩ፤ ኃላፊነት የሚጠፋው ሥራው ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ሲወረወር ነው። የገንዘብ ጣሪያ ይኑር፤ ጣሪያው ሲነካ ሥራው ቆሞ እንደገና ይታያል። ማብቂያ ቀን ይኑር። ዒላማው ወይም ቦታው ከተለወጠ አሮጌው ወረቀት ይዘጋና አዲስ ይጠየቅ፤ ለአንድ ወረዳ የተፈቀደ ሥራ ዞኑን የሚያዳርሰው ይህ ሳይደረግ ሲቀር ነው። የማይነካውም ይጻፍ። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 28 ያለ ፍርድ የሞት ቅጣት መፈጸምን፣ ሰውን አስገድዶ መሰወርንና ማሰቃየትን በይርጋ እንኳ የማይታገዱ ወንጀሎች አድርጓቸዋል። እነዚህን ሊፈቅድ የሚችል ፊርማ የለም፣ ፈራሚው ማንም ይሁን ማን።

ወረቀት ኖሮም የሚበላሽ አለ። "አስቸኳይ ነው" የሚለው ምክንያት ልማድ ይሆናል። ለዚህ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የእንግሊዝ ሕግ ጥሩ መላ አበጅቷል፤ የጠለፋ ፈቃድ ሚኒስትሩ ከፈረመ በኋላ በዳኝነት የሠራ ኮሚሽነር ካላጸደቀው አይጸናም፤ በአስቸኳይ የተሰጠው በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ ካልጸደቀ ይሞታል፣ የተሰበሰበውም እንዲጠፋ ሊታዘዝ ይችላል። ሌላው እድሳት ነው። ያለፈውን ማመልከቻ ቀኑን ብቻ ቀይሮ ማቅረብ የተለመደ ብልሽት ስለሆነ፣ እድሳት የሚጠይቅ ባለፈው ጊዜ ምን እንዳገኘ እንዲያስረዳ ይገደድ።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ተቆጣጣሪን አሳውቆ እጁን ማሰር ነው። በአሜሪካ ሕግ ፕሬዚዳንቱ ነገሩን ለስምንት የኮንግረስ መሪዎች ብቻ ሊናገሩ የሚችሉበት ሁኔታ አለ። ሴናተር ጄይ ሮክፌለር በጁላይ 2003 ስለ አንድ የስለላ ፕሮግራም ከተነገራቸው በኋላ ለምክትል ፕሬዚዳንቱ በእጃቸው ጽፈው፣ ቴክኒሻንም የሕግ ባለሙያም ስላልሆኑና ሠራተኞቻቸውን ማማከር ስለተከለከሉ ሊመዝኑት እንደማይችሉ ገለጹ፤ ቅጂውንም አሽገው አስቀመጡ። የእኛም ቋሚ ኮሚቴ አባላት ያለ ሕግ ባለሙያ፣ ያለ ኦዲተርና ያለ መዝገብ በር ተዘግቶ ቢነገራቸው ዕጣቸው ያው ነው። ምስጢር የሚጠብቁ፣ ተጣርተው የተመረጡ ጥቂት ባለሙያዎች ለኮሚቴው ይመደቡለት።

ዳኛውም ቢሆን የአንዱን ወገን ቃል ብቻ ነው የሚሰማው። የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በፌብሩዋሪ 2021 የአገሪቱን የጠለፋ ሕግ ከጣለባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነበር። ሌላው የተጠለፈው ሰው በኋላም እንኳ አለመነገሩ ነው፤ ፍርድ ቤቱ ትእዛዙ ካበቃ በ90 ቀን ውስጥ እንዲነገረው፣ ማሳወቁ ሥራውን የሚጎዳ ከሆነም ዳኛ እንዲያዘገየው አዘዘ። ሳያውቅ የተበደለ ሰው ሊከስ ስለማይችል ይህ ለእኛ ሕግም ሳይውል ሳያድር መግባት ያለበት ይመስለኛል።

ቁጥጥር መሪን ያዳክማል የሚሉ አሉ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ ላይ በተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት ውስጥ የራሳቸው የደህንነት ኃላፊ ኮሎኔል ወርቅነህ ገበየሁ ነበሩበት። ለአንድ ሰው ብቻ የሚነግር የስለላ ተቋም ያንን ሰው ራሱን ሊያሳውረው ይችላል።

ሕግ አውጪው እንዲህ ያለ ነገር መጻፍ አያቅተውም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅን በቁጥር አስሮታል፦ ምክር ቤቱ በሥራ ላይ ከሆነ በ48 ሰዓት፣ ካልሆነ በ15 ቀን ውስጥ ለምክር ቤቱ ማቅረብ፣ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ማጽደቅ፣ እስከ 6 ወር የሚቆይ ዕድሜ፣ ሲታደስ 4 ወር፣ ሰባት አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድ፣ የታሰሩትን ስም በአንድ ወር ውስጥ ይፋ ማድረግ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የታወጀውና በጥር 2016 የተራዘመው አዋጅ በዚህ ዞን ሲሠራ፣ ቢያንስ የት ላይ እንደተጣሰ የሚለካበት መስፈሪያ ነበረ። ለስውር ዘመቻም ያንኑ ያህል ቁጥር ያለው አዋጅ ይውጣ።

አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 7 የጸጥታ ኃይሎች ሰብአዊ መብትን ሲነኩ ምክር ቤቱ እንዲያጣራና እርምጃ እንዲወስድ፣ ንዑስ አንቀጽ 17 ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ጠርቶ እንዲጠይቅ ሥልጣን ይሰጣሉ። ከደብረ ብርሃን፣ ከመንዝ፣ ከሸዋ ሮቢትና ከሌላውም የዞኑ ወረዳ የተመረጡ እንደራሴዎች፣ ምክር ቤቱ በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ሲከፈት፣ አንድም የዘመቻ ምስጢር ሳይነኩ ሊጠይቁ የሚችሉት አለ፦ ባለፈው ዓመት ስንት ስውር ዘመቻ በጽሑፍ ተፈቀደ? ስንቱ በቃል ተጀመረ? ስንቱ ማብቂያ ቀኑ አልፎ ቀጠለ? ስንቱንስ ከፈጻሚው ውጭ ያለ ሰው መረመረው?

አንድ የሕግ ባለሙያ
ከደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ