ኮድ ለግምገማ ለመላክ ፈጣን ኢንተርኔት የግድ አይደለም

ክቡር አዘጋጅ፣

በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስም ሆነ በእንጅባራ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማሩ ልጆች ለክፍት ሶፍትዌሮች (ኮዳቸው ለማንም ክፍት ለሆነ ፕሮግራሞች) ለምን ኮድ እንደማያበረክቱ ሲጠየቁ መልሳቸው አንድ ነው፦ «ኔትወርኩ አይችልም»። ሶፍትዌር የምናስተምርና የሰው ኮድ የምንገመግም እኛ በዚህ አንስማማም። ኔትወርኩ ያቃተው የድረ ገጹን ጋጋታ መጫን ነው። የኮድ ማሻሻያ ራሱ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ኪሎባይት አይበልጥም። ከተርሚናል (ትእዛዝ ከሚተየብበት መስኮት) የሚሠራ ሰው ኮዱን የሚያርመውም፣ ጊት በተባለው የለውጥ መመዝገቢያ ኮሚት የሚያደርገውም (ለውጡን የሚመዘግበውም) ያለ ኢንተርኔት ነው፤ መስመር የሚያሻው ሲያወርድና ሲልክ ብቻ ነው።

ለምሳሌ ሚዲያዊኪ የተባለውን ሶፍትዌር እንውሰድ፤ የአማርኛ ዊኪፔዲያ የቆመው በእሱ ላይ ነውና። ኮዱ የሚገመገመው ጌሪት በተባለ ሥርዓት ነው። (ትእዛዞቹን እንደምንጠራቸው በፊደላችን ጽፈናል፤ ሲተየቡ ግን በላቲን ናቸው።)

መጀመሪያ የሚያስቸግረው ማውረዱ ነው። «ጊት ክሎን» (ኮዱን ከነታሪኩ የሚያወርደው ትእዛዝ) መሐል ላይ ከተቋረጠ ካቆመበት አይቀጥልም፣ ከዜሮ ይጀምራል። መብራት በሚጠፋበት አካባቢ ይህ ልብ ያደርቃል። መፍትሔው «ዴፕዝ 1» ብሎ የመጨረሻውን ሁኔታ ብቻ ማውረድ፣ ከዚያ «ጊት ፌች» ላይ «ዲፐን 100» እየጨመሩ ታሪኩን በየጊዜው ማርዘም ነው። ታሪኩን ሳያረዝሙ መተው ግን ኋላ ያስከፍላል። «ሪቤዝ» ሲደረግ (የራስ ለውጥ በአዲሱ ኮድ ላይ መልሶ ሲቀመጥ) ጊት የሁለቱን ብራንቾች (የሥራ መስመሮች) የጋራ መነሻ ስለማያገኝ፣ ያልተነኩ ፋይሎች ጭምር የተጋጩ መስለው ይመጣሉ።

ቀጥሎ አካውንት ነው። የዊኪሚዲያ (የዊኪፔዲያ አስተናጋጅ ድርጅት) የገንቢዎች አካውንት ከዊኪፔዲያው አካውንት የተለየ ስለሆነ ለብቻው ይከፈታል። ኤስኤስኤች ለተባለው ምስጢራዊ የግንኙነት መንገድ በ«ኤስኤስኤች ኪጄን» ከሚወጡት ሁለት ቁልፎች ወደ ጌሪት የሚጫነው ስሙ በ«ፐብ» የሚያልቀው ነው፤ ሌላው ከኮምፒውተሩ አይወጣም። ጌሪት በኤስኤስኤች የሚያዳምጠው በፖርት (የግንኙነት በር) 29418 ሲሆን የግቢና የመሥሪያ ቤት ፋየርዎሎች (የኔትወርክ አጥሮች) ብዙ ጊዜ ይዘጉታል። ስህተቱን ለይቶ ማወቅ ቀላል ነው፦ ተርሚናሉ ዝም ብሎ ቆይቶ «ታይምድ አውት» ካለ ፖርቱ ተዘግቷል፤ ወዲያው «ፐርሚሽን ዲናይድ» ካለ ግን ቁልፉ ወይም የተጠቃሚ ስሙ ተሳስቷል። ፖርቱ ከተዘጋ በኤችቲቲፒኤስ (በተራ ድረ ገጽ መንገድ) አድራሻ መላክ ይቻላል፤ ለዚያ የሚሆነው የይለፍ ቃል ጌሪት ውስጥ በሴቲንግ ገጽ ይወጣል። የድረ ገጹን ሰርተፍኬት (የማንነት ማረጋገጫ) አልቀበልም የሚል መልእክት ከመጣ ደግሞ ማንንም ከመውቀስ በፊት የኮምፒውተሩን ቀን ማየት ነው። የማዘርቦርድ ባትሪያቸው ያለቀ አሮጌ ማሽኖች መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ቀናቸውን ዓመታት ወደ ኋላ ይመልሳሉ።

አሁን ዋናው ነገር። ኮሚቱን ወደ ጌሪት የሚልከው መሣሪያ «ጊት ሪቪው» በ«ፒፕ» (የፓይተን ፕሮግራሞች መጫኛ) ይጫናል፤ ፕሮጀክቱ ውስጥ ገብተው አንድ ጊዜ «ጊት ሪቪው ሰረዝ ኤስ» ሲሉ ሁክ የሚባል ትንሽ ስክሪፕት ይተክላል። ሁኩ በእያንዳንዱ ኮሚት መልእክት ግርጌ «ቼንጅ አይዲ» ይጽፋል፤ ይህም በላቲኑ ትልቅ «አይ» ጀምሮ 40 የሄክሳዴሲማል ምልክቶችን የሚያስከትል መለያ ነው። ጌሪት ሁለት ኮሚቶች የአንድ ሥራ ሁለት እትሞች መሆናቸውን የሚያውቀው በዚህ መስመር ብቻ ነው። ጀማሪዎች የሚሰናከሉትም እዚሁ ላይ ነው።

ገምጋሚው «ይህን አስተካክል» ሲል ብዙዎች አስተካክለው አዲስ ኮሚት ይጨምራሉ። ትክክለኛው «ጊት አድ» ብሎ «ጊት ኮሚት አሜንድ» ማለት (ያንኑ ኮሚት ማረም)፣ ከዚያ እንደገና «ጊት ሪቪው» ነው፤ ማሻሻያው በዚያው ገጽ ሁለተኛ እትም ሆኖ ይወጣል። አዲስ ኮሚት ከሆነ ግን መሣሪያው ከአንድ በላይ ኮሚት ልትልክ ነው ብሎ ያስጠነቅቅና «የስ» ብለህ ጻፍ ይላል። ሳያነቡ «የስ» ብሎ በአንዱ ፈንታ ሁለት የግምገማ ገጽ መክፈት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ረቀቅ ያለው ስህተት ደግሞ «አሜንድ» ሲሉ በ«ሰረዝ ኤም» አዲስ መልእክት መስጠት ነው። የድሮው መልእክት ከነመለያው ይጠፋል፤ ሁኩ ሌላ መለያ ይፈጥራል፤ የገምጋሚው አስተያየትም በአሮጌው ገጽ ላይ ይቀራል። መልእክቱን መቀየር የፈለገ በኤዲተር ከፍቶ የመጨረሻዎቹን መስመሮች ሳይነካ ያርም። ሁኩ ሳይተከል በፊት የተሠራ ኮሚት «ሚሲንግ ቼንጅ አይዲ» ተብሎ ይመለሳል፤ ሁኩን ተክሎ «አሜንድ ኖ ኤዲት» ማለት ይበቃዋል። «ኖ ኒው ቼንጅስ» የሚለው ግን ያረሙትን ኮሚት ሳያደርጉ መላክዎን ነው የሚነግርዎ።

ከመላክዎ በፊት «ጊት ሾው ስታት» ብለው የተነኩትን ፋይሎች ይቁጠሩ። ሦስት መስመር አርመው ሙሉ ፋይሉ ተቀይሯል ካለ ዊንዶውስ የመስመር መጨረሻዎችን ለውጦብዎታል። የፋይል ስም በአማርኛ ከሆነና ጊት እንደ \341\210\200 ያለ ቁጥር ካሳየዎት ምንም አልተበላሸም (ይህ «ሀ» ነው፤ እያንዳንዱ ፊደላችን በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይይዛል)። «ኮር ኮትፓዝ» የሚለውን ቅንብር «ፎልስ» ሲያደርጉት ፊደሉ ይታያል።

የሚዲያዊኪን የአማርኛ ትርጉም ለማረም ግን በዚህ መንገድ አይምጡ። የማሳያ ጽሑፎቹ የሚተረጎሙት ትራንስሌትዊኪ በተባለው ድረ ገጽ ነው፤ በኮድ የተላከ ትርጉም ይመለሳል።

የሊኑክስ ከርነል (የሊኑክስ ሥርዓት እምብርት) መንገድ ሌላ ነው፤ በኢሜይል ይላካል። «ፎርማት ፓች» ማሻሻያውን ፓች በሚባል ፋይል ያወጣል፣ «ሴንድ ኢሜይል» ይልከዋል፤ መጀመሪያ «ድራይ ረን» ብሎ መሞከር ይሻላል። በጂሜይል ለሚልክ ፖርቱ 587 ነው፤ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ከፍቶ ባለ 16 ፊደል የመተግበሪያ ይለፍ ቃል ማውጣት አለበት። ፓቹን ገልብጦ በኢሜይል ገጽ ላይ መለጠፍ ግን ሥራን ማበላሸት ነው፤ ታቦቹ ክፍት ቦታ ይሆናሉ፣ ረጃጅም መስመሮች ይቆረጣሉ፣ ተቀባዩም ጋ ፓቹ አይገባም።

ለዩኒቨርሲቲዎቻችን የምናቀርበው ሐሳብ አለ። ጌሪት ጃቫ ባለው በማንኛውም ደህና ኮምፒውተር ላይ ከአንድ ፋይል ይጫናል፤ ከ3.0 ወዲህ ለብቻው የሚተከል ዳታቤዝ አይፈልግም፤ በላብራቶሪው የውስጥ ኔትወርክ ኢንተርኔት ፈጽሞ በሌለበት ቀንም ይሠራል። የመመረቂያ ፕሮጀክት በፍላሽ ከሚሰበሰብ በዚህ በኩል ቢገባ፣ ተማሪው ከላይ ያልናቸውን ስህተቶች ሁሉ እዚያው ሠርቶ እዚያው ያርማል። ብቻ የላብራቶሪው ኃላፊ የ«ፕላስ 2» (ኮድ የማጽደቅ) መብቱን ለመምህራን ይወስነው፤ ካልሆነ ተማሪው የራሱን ኮድ ራሱ አጽድቆ ያስገባል።

ሶፍትዌር የምናስተምር
ከደብረ ማርቆስ