መስታወቱን የመረጠው ሌላ፣ ቆጣሪውን የምከፍለው እኔ

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ባለ አምስት ፎቅ የንግድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ልብስ መስፋት ከጀመርኩ ስድስት ዓመቴ ነው። የሱቄ ፊት ወደ ምዕራብ ነው፤ ግድግዳው ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወት ሲሆን፣ የምትከፈተው አንዲት ክንድ የማትሞላ መስኮት ብቻ ናት። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ጀምሮ ፀሐይዋ ፊት ለፊት ትገባለች። የደንበኛ ጨርቅ ቀለሙን እንዳይለቅ መጋረጃ እንጋርዳለን። ሲጋረድ ይጨልማል፤ ክር መርፌ ውስጥ ለማስገባት በጠራራ ፀሐይ አምፖል እናበራለን! የአየር ማቀዝቀዣው 1,500 ዋት ይስባል፤ እስክንዘጋ አያርፍም። መብራት የጠፋ ዕለት ደግሞ አብረውኝ የሚሠሩትን ሁለት ልጆች ወደ ቤታቸው እሰዳለሁ፤ ውስጡ አያስቀምጥማ።

ከኮሪደሩ ማዶ ያለችው ባለ ፎቶ ኮፒ ጎረቤቴ መስኮቷ በስተሰሜን ወደ ጣና ይከፈታል። ከሰዓት በኋላ የሐይቁ ነፋስ ይገባላታል፤ ማቀዝቀዣ ገዝታ አታውቅም። ሕንፃው አንድ፣ ጣሪያው አንድ!

አንዲት አርክቴክት ደንበኛዬ ነገሩን አስረዳችኝ። ከተማችን ከምድር ወገብ 11 ዲግሪ ተኩል ያህል ወደ ሰሜን ስለሆነች፣ ፀሐይ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ በደቡብ በኩል ታዘነብላለች። በዚያ በኩል ከመስኮት በላይ የወጣች አጭር ጥላ ትበቃለች። የምዕራቧ ፀሐይ ግን ዝቅ ብላ ስለምትመጣ ከጥላው ሥር ትገባለች፤ እዚያ መስታወቱን መቀነስ ወይም ከውጭ መከለል ያስፈልጋል። ከውስጥ የሚሰቀል መጋረጃ ሙቀቱ ከገባ በኋላ የሚደርስ ነው።

ይህን የሚያውቅ ባለሙያ አለን። ታዲያ ለምን አይሠራም? መስታወቱን የመረጠው ባለቤቱ ነው፤ ቆጣሪውን የምከፍለው እኔ ነኝ። ወጪው እሱን አይነካውም። ስለዚህ ምክር አይበቃም፣ ደንብ ያስፈልጋል። የሕንፃ አዋጁ ያለ ፈቃድ ግንባታ አይጀመርም ይላል፤ የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006ም ስለ ኢነርጂ ቁጠባ ደንግጓል። ሁለቱ ፕላን በሚጸድቅበት ጠረጴዛ ላይ ይገናኙ። የምዕራብ መስታወት ያለ ጥላ አይፈቀድ፤ እያንዳንዱ ሱቅ በእጅ የሚከፈት በቂ መስኮት ይኑረው።

ለተሠሩትም መላ አለ። ባለፈው ዓመት በራሴ ወጪ የቀርከሃ መከለያ ከውጭ ልስቀል ብዬ ጠይቄ፣ የሕንፃውን መልክ ያበላሻል ተብዬ ተከልክያለሁ። ቢያንስ እንዲህ ያለውን ክልከላ የሚያነሳ መመሪያ ከመጪው መጋቢት በፊት እንዲወጣልን እጠይቃለሁ።

ልብስ ሰፊዋ
ከባሕር ዳር